መቃብሩ ያልታወቀ ልጃችንን ስናስብ
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመታሰቢያ ዕለት በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው አንድ ወጣት ወታደር ለማሰብ ነው። ልጁ ማኅበራችንን ከመሠረቱት እናቶች የአንዷ ሁለተኛ ልጅ ነው። በ1991 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን እንደጨረሰ ወደ ሠራዊቱ ገባ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ ተሠዋ። የት እንደተቀበረ፣ ተቀብሮም እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በዚህ አዳራሽ ጠርተነዋል፤ በመዝገባችንም ሰፍሯል። ንግግሩ በመጽሔታችን ሲወጣ ግን ስሙ እንዳይጻፍ እናቱ ጠይቀዋል። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው፣ «ያነበበችው ሁሉ የራሷን ልጅ ስም ታግባበት» አሉን። ቃላቸውን አክብረናል።

በዚህ ዕለት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ታላላቆቻችን ናቸው። ዘንድሮ ግን የሥራ አመራር ኮሚቴው «መዝገቡን የምትይዙት እናንተ ናችሁ፤ መዝገቡን ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ ለሒሳብ ክፍሉ ሰጠን። ስለዚህ የምንናገረው እንደ መዝገብ ያዥ ነው። ለቅሶውን ከእኛ ይልቅ እናቶቻችን ያውቁበታል።

ወጣት አባሎቻችን ጦርነቱን በልጅነት ነው የምታስታውሱት፤ ያልተወለዳችሁም አላችሁ። ስለዚህ ባጭሩ እናስታውስ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ወር መግቢያ ላይ፣ በባድመ ምክንያት ነው። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ከባድ ውጊያ ተደርጎ ባድመ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሠራዊቱ በባድመ፣ በዛላምበሳና በቡሬ ግንባር ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጦ ቆየ። ልጃችን ሥልጠናውን ጨርሶ ግንባር የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ግንቦት 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ሌላ ትልቅ ውጊያ ተከፈተ። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ ለማቆም አልጀርስ ላይ ተፈረመ፤ የሰላም ስምምነቱ ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለቱም ወገን 70 ሺሕና ከዚያም በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን ጥያቄ አለ፤ «ለምን ሬሳው አልመጣም? ጓደኞቹስ ለምን አልቀበሩትም?» ይላል። በግንቦት 1992 ሠራዊቱ በፍጥነት ወደፊት ገፍቶ ነበር። የወደቀውን ጓደኛ ጥሎ ማለፍ ግድ የሚሆንበት ውጊያ ነበር። ተኩስ ሲቆም ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት ቦታ ተመለሰ። ወደፊት ሲገፋ የወደቀው ግን እዚያው ማዶ ቀረ። በመካከል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ተከለለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች እስከ 2000 ዓ.ም. ቆዩበት። መሬቱ ፈንጂ የተቀበረበት ነው። ድንበሩም እስከ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ዝግ ነበር። አንዲት እናት ልጄ የወደቀበትን ልይ ብትል፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት መሄጃ መንገድ አልነበራትም።

አሁን ወደ እናታችን ቤት እንመለስ። መርዶው የመጣው በ1994 ዓ.ም. ነው። በባህላችን መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይረዳል። ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ። ከወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስሙ፣ ማዕረጉና በግንቦት 1992 በግዳጅ ላይ መሠዋቱ ነበር። ቀን የለውም፤ ቦታም የለውም።

እናቶቻችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ልቅሷችን ቀጠሮ ያለው ልቅሶ ነው። ክርስቲያኑ ሰልስት አለው፣ ሰባት አለው፣ አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ መንፈቅ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ሁሉም የሚቆጠረው ሰውየው ከሞተበት ቀን ነው። ቀኑ ካልታወቀ አርባው መቼ ነው? ሙስሊም እናቶቻችንም የሶደቃውን ቀን በምን ይቁጠሩ? ጀናዛው ሳይኖር ምን ይሰገድ? ፍትሐት አድራጊውም ሆነ ሰጋጁ መልስ አላጣም። ቤተ ክርስቲያን ሬሳው ለሌለ ሰውም በስሙ ትጸልያለች፤ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገድ ሰላተል ጋኢብም እንዳለ የሃይማኖት አባቶቻችን ነግረውናል። ለቀስተኛውም የሚያደርገውን አላጣም። ፎቶው ተሰቅሎ፣ የትምህርት ቤት ልብሱ ተዘርግቶ ተለቀሰ። በገጠሩም ቢሆን በዘመቻ ርቆ ለሞተ ሰው በልብሱና በመሣሪያው ማልቀስ የቆየ ወግ ነው። እናታችን ግንቦት 12ን የሚካኤልን ቀን መረጡ፤ ያ ቀን ሙት ዓመቱ ሆኖ ይኸው ቀጠለ።

ከልቅሶው በኋላ የመጣው ግን ከልቅሶው የከበደ ነበር። በ1994 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ ላይ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኩል ምርኮኞች ሲመለሱ፣ እናታችን ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። መርዶ ተቀብለዋል፤ ሆኖም ወረቀቱ ቢሳሳትስ? በሐምሌ 2010 የሁለቱ አገር መሪዎች አስመራ ላይ ሲፈራረሙና የስልክ መስመር ሲከፈት ደግሞ ተስፋቸው እንደገና ተነሣ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ በደስታ ሲላቀስ በቴሌቪዥን አየን። በዚያ ቀን የእናታችን ልጅ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይሞላው ነበር። እሳቸው ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚፈልጉት የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ቤታቸው መጣ። «ከማዶ የመጣ ዝርዝር አለ፤ ልጅዎ በሕይወት አለ፤ ለማጣራት ግን ገንዘብ ያስፈልጋል» አላቸው። ከማኅበሩ ብድር ሊወስዱ ሲመጡ ነው የሰማነው። ብድሩን ለምን እንደፈለጉት በቅጹ ላይ መጻፍ ስላለብን ጠየቅናቸው፤ ዝም አሉ፤ ቆይተው ነገሩን። ገንዘቡ አልወጣም። ሰውየውም ሲጠየቅ አልተመለሰም። ይህን በአደባባይ የምናወራው በእሳቸው ፈቃድ ነው፤ ሌሎች እናቶችም እንዲጠነቀቁ ነው። የጠፋ የቤተሰብ አባልን ማፈላለግ የቀይ መስቀል ሥራ ነው፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ስለ ልጃችሁ ወሬ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ።

የሞተበት የማይታወቅ ወታደር ያለባት እናት በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለችም። አገሮችም በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨንቀውበታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1920፣ ለንደንና ፓሪስ ላይ ስሙ ያልታወቀ አንድ አንድ ወታደር በክብር ተቀበረ። ማንነቱ ስላልታወቀ እያንዳንዷ እናት «የእኔ ነው» እንድትል ነው። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ በ1927 የተመረቀ የመታሰቢያ በር አለ፤ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54 ሺሕ በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። ፈረንሳይ ውስጥ ትየፕቫል በሚባለው ቦታ ደግሞ ከ72 ሺሕ በላይ ስም አለ። እነዚህ ሰዎች መቃብሩን ማግኘት ሲያቅታቸው ስሙን ያዙ። ስሙም በጅምላ አልተጻፈም፤ አንድ በአንድ ተጻፈ።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ፋሺስቶች በአዲስ አበባ የጨፈጨፉት ሕዝብ አብዛኛው በስሙ የተለየ መቃብር የለውም። አገር ግን ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት አቁሞ በየዓመቱ በየካቲት 12 አበባ ያኖራል። የቃኘው ሻለቃን ደግሞ እናስታውስ። ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ወታደሮች ወድቀውበታል። እንደሚታወቀው አንድም ምርኮኛ፣ አንድም ሬሳ ጥሎ አልመጣም። የወደቀውን ሰብስቦ ለቤተሰቡ ማድረስ ክብር መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። የዓለም ሕግም ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት፣ ተዋጊ ወገኖች የሞቱትን እንዲመዘግቡ፣ በአንገት የሚንጠለጠለውን መታወቂያ ግማሹን ከሬሳው ጋር ትተው ግማሹን እንዲልኩ፣ መቃብሩ ላይም ምልክት እንዲያደርጉ ያዛል። በ1977 የተጨመረው ፕሮቶኮል ደግሞ ቤተሰብ የወገኑን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እናታችን ሬዲዮ አጠገብ የጠበቁት ይህን መብታቸውን ነበር።

እንግዲህ የትልልቆቹን ለትልልቆቹ እንተውና፣ አንድ ትንሽ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ምን ማድረግ ይችላል? ወደ መዝገቡ የምንመጣው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ወደ ሥልጠና ከሄደበት ወር ጀምሮ እናታችን በማኅበራችን ሁለት የቁጠባ ደብተር ነበራቸው። አንዱ በራሳቸው ስም ነው። ሁለተኛው ሽፋኑ ላይ የልጃቸው ስም ተጽፎበታል። በየወሩ አምስት ብር ይገባበታል፤ ሲመለስ ለሱቅ መክፈቻ እንዲሆነው ነው። መርዶው ሲመጣ ገቢው ይቆማል ብለን ነበር፤ አልቆመም። በርበሬ ተወደደ፣ ገበያ ቀዘቀዘ፣ አንድ ዓመት ታመው ተኙ፤ አምስት ብሩ ግን በጎረቤት እጅም ቢሆን መጣ። ኋላም አሥር ብር ሆነ።

አንድ ዓመት ሒሳባችንን የመረመረው ኦዲተር ደብተሩን አንሥቶ «ይህ ሰው አባል አይደለም፤ በሕይወትም የለም፤ ሒሳቡ ይዘጋ» አለ። እንደ ሥርዓቱ ልክ ነበር። እኛም ለእናታችን ነገርናቸው። «እኔ ስሞት ዝጉት» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። አንዳንዶቻችን «ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ ወደ ራሳቸው ደብተር ይዙርና ነገሩ ይለቅ፤ ቁስሉን በየወሩ ለምን ይነካኩታል?» አልን። ይህን ያሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ ከመካከላቸው ልጅ የቀበሩም ነበሩ። ሌሎቻችን ደግሞ «ቁስሉን የሚነካው ደብተሩ አይደለም፤ ደብተሩ መጠቅለያው ነው» አልን። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ደብተሩ በእናታችን የአባልነት ቁጥር ሥር እንዲመዘገብ፣ ሽፋኑ ላይ ግን «ለልጃቸው መታሰቢያ» ተብሎ ስሙ እንዲቆይ ተወሰነ። ኦዲተሩም ተቀበለው፤ የሒሳቡ ባለቤት ታውቋልና።

ሒሳብ የማትሠሩ እህቶች እንድትረዱን አንድ ነገር እናብራራ። ዓመቱ ሲያልቅ ያለቀለት ሒሳብ ይዘጋል። ያላለቀለት ግን አይሰረዝም። በአዲሱ ዓመት መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ከባለፈው ዓመት የዞረ» ተብሎ ይጻፋል። የዞረ ሒሳብ ማለት የተረሳ ሒሳብ ማለት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ሰው ሁሉ እያየው በየዓመቱ ከፊት የሚቀመጥ ማለት ነው። መቃብር የሌለው ልጅም እንዲሁ ነው ብለን እናምናለን። «ይብቃሽ፣ እርሽው» ብለን መዝገቡን ልንዘጋባት አንችልም፤ የሚያዘጋ ማስረጃ የለምና። ግን ደግሞ ሸክሙን ለብቻዋ በሆዷ ይዛው እንድትዞር መተው የለብንም። ማኅበሩ ከእሷ ጋር ይዞ ይዙር። የዛሬው መታሰቢያ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ይህ ሐሳብ ሌላም ነገር አስቀየረ። የመተዳደሪያ ደንባችን ለሐዘን የሚሰጠውን ገንዘብ «ቀብር ሲፈጸም» ይከፈላል ይል ነበር። እናታችን አባል በሆኑበት በሌላ ዕድርም ተመሳሳይ ቃል ስለነበረ «ያልተቀበረ ሰው የቀብር ገንዘብ የለውም» ተብለው ያለ ዕድር ገንዘብ ነው የተዘከሩት። ድንኳንና ወንበር አልተሰጠም። እኛ ደንባችንን ስናሻሽል አንዲት ቃል ነው የለወጥነው፤ «ቀብር» የሚለው «ኅልፈት» ሆነ። ማስረጃው ከሠራዊቱ የተላከ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከሌለ የእናት ወይም የሚስት ቃልና የሁለት አባላት ምስክርነት ይበቃል። በስብሰባው ላይ አንዲት አባል «ከተከፈለ በኋላ ልጁ ቢመለስስ?» ብላ ጠየቀች። ሊቀ መንበራችን «እሰይ! ቢመለስማ ሌላ እንጨምራለን እንጂ እናስመልሳለን እንዴ?» ሲሉ እያለቀሰች የነበረችው ሁሉ ሳቀች። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን በቁም ነገር ተጽፏል፤ ቢመለስ ገንዘቡ አይጠየቅም።

ወረቀት ለሌላቸው አባሎቻችን ደግሞ ሕጉን እናሳውቅ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት፣ አንድ ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህ ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል። ያለዚህ ውሳኔ ባሏ ጦር ሜዳ የቀረባት ሴት ባለትዳርም መበለትም ሳትሆን ትኖራለች። ቤቱን በስሟ ማዞር አትችልም፤ የልጆቿን ውርስ ማረጋገጥ አትችልም፤ ሌላ ትዳር ብትይዝም ጣጣ ነው። ለጡረታ መብትም ቢሆን ወረቀት ይጠየቃል። ከአባሎቻችን መካከል ማመልከቻውን የማይጽፉት «ከፈረምሁ ገደልሁት ማለት ነው» ብለው የሚፈሩ አሉ። ይህን ፍርሃት አንንቀውም። ግን ሕጉ ራሱ «ሞቷል» አይልም፤ «ጠፍቷል» ነው የሚለው። ቢመለስ የሚሆነውንም ሕጉ አስቦበታል። እህቶቻችን ሆይ፣ ወረቀቱ ልጁን አይገድልም፤ እናንተን ግን ከብዙ መንከራተት ያድናል።

በእኛም መዝገብ ላይ ይህንኑ ተከትለናል። አዲስ ያዘጋጀነው የስም መዝገብ «የሞቱ» የሚል ርዕስ የለውም። «ያልተመለሱ» ነው የሚለው። በየገጹ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ሙሉ ስም ከአባትና ከአያት ጋር፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመንና ቦታ፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ የሚታወቅ ከሆነ ክፍለ ጦሩ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ወይም ስልክ መቼና ከየት እንደመጣ፣ የተሰጠ ወረቀት ካለ ቅጂው፣ አንድ ፎቶ። በመጨረሻ አንድ ባዶ መስመር ትተናል፤ «ቤተሰቡ ሊጨምር የፈለገው» ይላል። እዚህ ላይ እናታችን ያስጻፉት ይህ ነው፦ «ሹሮ አይወድም ነበር። ታናሽ እህቱን ሒሳብ ያስተምር ነበር።» ሌላ ምንም አላስጻፉም። ያቺ ታናሽ እህት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ከመካከላችን ተቀምጣለች።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ምንም ባያደርግ እንኳ አንድ ነገር ያደርጋል። አንድ ቀን አጥንት ተገኝቶ «የማን ነው?» የሚል ቢመጣ፣ የሚመልስ መዝገብ ይኖራል። ያ ቀን ባይመጣም፣ እናቶቻችን ሲያልፉ ልጆቻቸውን የሚያስታውስ ሰው አብሮ አይቀበርም። የእናታችን ዕድሜ ሰባ አልፏል። የልጃቸውን ድምፅ የሚያስታውሱት እሳቸውና እህቱ ብቻ ናቸው። ጊዜ የለንም።

የዛሬውን መታሰቢያ ከዱሮው ብቻ ጋር ማያያዝም አንችልም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት አዲስ እናቶች፣ አዲስ መበለቶች ወደ ማኅበራችን መጥተዋል። ገና ስልክ የሚጠብቁ አሉ። መዝገባችን ልጁ በየትኛው ግንባር፣ በየትኛው ወገን እንደነበረ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስሙንና እናቱን ነው። ከ1992ቱም ቢሆን፣ ከድንበሩ ማዶ ያለችው እናት ግንቦትን እንደ እኛ እናት ነው የምትቆጥረው። ልጆቻችን ምናልባት በአንድ መሬት ውስጥ አብረው ተኝተው ይሆናል።

አጋሮቻችን የገንዘባችሁን አጠቃቀም ማወቅ ስለሚገባችሁ ይህንንም እንግለጽ። ለመታሰቢያው ዕለት ከማኅበሩ ሣጥን ድግስ አልወጣም። ንፍሮው፣ ዳቦውና ቡናው አባላት ከየቤታቸው ያመጡት ነው። ከእናንተ የተገኘው ድጋፍ የሚውለው ለፎቶ ኮፒ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለፍርድ ቤት መመላለሻ ትራንስፖርትና ለእሳት የማይበገር አንድ የብረት ሣጥን መግዣ ነው፤ ወረቀቶቹ የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ቢሯችን ክፍት ነው። እናታችንም ከልጃቸው ደብተር የሚገኘው ዓመታዊ ትርፍ ለዚሁ ሥራ እንዲውል ፈቅደዋል። ባለፈው ዓመት በዚያ ገንዘብ የሁለት አባሎቻችን ማመልከቻ ተጽፎላቸዋል። ሱቁ አልተከፈተም፤ ልጁ ግን ለሰው ተርፏል ብለን ነው የምናስበው።

ከእንግዲህ የምንጠይቀው የእናንተን ነው። ልጅ፣ ባል ወይም ወንድም ያልተመለሰላችሁ ሁሉ በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ ቢሮ ኑ። ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶውን አንወስድም፣ ቅጂ አንሥተን እዚያው እንመልሳለን። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ እናቶች ቃላችሁን እኛ እንጽፋለን፤ የጻፍነውንም መልሰን እናነብላችኋለን። መናገር የሚከብዳችሁ ካላችሁ ስሙን ብቻ ንገሩን። ሌላው በሌላ ቀን ይሆናል። ልጆች ያላችሁ ወጣት አባላት ደግሞ አያቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ በየቤቱ በፎቶ የሚታወቅ፣ በስም ግን የማይጠራ አንድ ሰው አለ።

እናታችን፣ ወደ እርስዎ ዞረን እንጨርስ። የልጅዎን መቃብር ልንሰጥዎ አልቻልንም። የወደቀበትንም አናውቅም። የምንችለውን ግን ቃል እንገባለን፤ እርስዎ ባይኖሩም ግንቦት 12 ሲመጣ ስሙ በዚህ አዳራሽ ይጠራል፤ የአዲሱ ዓመት መዝገብ ሲከፈትም ስሙ ከዞረው ጋር አብሮ ይዞራል።

ለክርስቲያኖቹ ነፍስ ይማር፤ ለሙስሊሞቹ አላህ ይዘንላቸው። ያልተመለሱትን ሁሉ ያሉበትን የሚያውቅ ፈጣሪ ያስባቸው። ለእናቶቻችንም ጽናቱን ይስጥልን።